ደጁን ሌላ የያዘበት ተደራዳሪ፦ ከራስ ዓሊ ድንኳን እስከ ሂዌት ውል

በአሁኑ ዘመን ስለ ነጻ የንግድ ስምምነት ሲወሳ፣ ጉዳዩ በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ትናንት የተወለደ ይመስል፣ ታሪኩን ከ2003 የሚጀምሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው፤ ኢትዮጵያ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት ኪጋሊ ላይ የተፈረመው በ2018 ሲሆን ምክር ቤታችን ያጸደቀው በ2019 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) ነገር ግን ባዕድ መንግሥት የንግድ ውል አርቅቆ በመልእክተኛው እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገዢ ድንኳን ያስገባው ከዚህ ሁሉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው። የዚያ ድርድር ማዕከልም ዛሬ ብዙው የከተማ ሰው በድንቹና በክረምቱ ጭጋግ ብቻ የሚያውቀው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነበር።

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን የአገሪቱ እውነተኛ ሥልጣን መቀመጫ ሆና ስትቆይ፣ ሦስት ገዢዎች ከደጋው ቁልቁል ወደ ቀይ ባሕር እያዩ ስለ ንግድ፣ ስለ ወደብና ስለ ዳኝነት ከባዕዳን ጋር ተነጋግረዋል። ራስ ዓሊ ውል ፈረሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ውሉን ለማደስ እንቢ አሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ መጀመሪያ በደብረ ታቦር ጠንክረው ተከራከሩ፣ ኋላም በዓድዋ ፈረሙ። ሦስቱም ውጤት ለየቅል ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነበር፤ ለመሆኑ ደጁን ሌላ የያዘበት ሰው ስለ ገበያ ምን ይደራደራል?

ከተማው እና መንገዱ

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የየጁ መሳፍንት ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥቱን በስም ብቻ አስቀምጠው፣ ሹመትና ሽረት፣ ግብርና ጦርነት ከዚህ ደጋ እንዲታዘዝ አደረጉ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በስተምሥራቅ የጉና ተራራ፣ ከግርጌው እስከ ገሳይና ጋይንት የሚዘረጋው የገብስ አገር አለ። በስተምዕራብ የፎገራ ሜዳና የጣና ዳር ገበያዎች አሉ። የይፋግ ገበያና የሙስሊም ነጋዴዎቹ ከተማ ደሪጣ ከእጅ የራቁ አልነበሩም። በየጁ፣ በወሎና በጎጃም መካከል ለመዝመት ለሚያስብ ገዢ ከዚህ የተሻለ አምባ አይገኝም።

የዘመኑ ትልቁ የንግድ መንገድ ከደቡብ ምዕራብ ከእናርያ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃሙ ባሶ ገበያ አልፎ፣ ጎንደር ይደርስና በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ቡና፣ ሰም፣ አሳዛኝ በሆነ ሁኔታም ባሪያ ወደ ባሕር ይሄዳል። ጨርቅ፣ ሐር፣ ዶቃና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል። የአገር ውስጡ መገበያያ አሞሌ ጨው፣ የሩቁ ንግድ መክፈያ የማርትሬዛ ብር ነበር። ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ በየኬላው ያለው ጌታም የሚያስከፍለው በሚያውቀው ሕግ ሳይሆን በያዘው ጉልበት ልክ ነው።

እንግዲህ የደብረ ታቦሩ ጌታ ችግር እዚህ ላይ ነው። ከባሶ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ በቃሉ ቢያድርም፣ ከሰሜን ተራሮች ወዲያ ያለው በእጁ አልነበረም። ትግራይንና ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1842 ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ የተዋጉት ጦርነት፣ ድል ያደረገው ተማርኮ የተሸነፈው ወደ ሥልጣኑ የተመለሰበት እንግዳ ጦርነት ሆኖ አለፈ፤ ራስ ዓሊም ውቤን ወደ ግዛታቸው መለሷቸው። ከውቤ ወዲያ ደግሞ የሕርጊጎው ናይብ፣ ከናይቡም ወዲያ ምጽዋን የያዘው ኦቶማን ቱርክ አለ። ዕቃው ከባሕር እስኪደርስ ሦስት ደጅ ያልፋል፤ ከሦስቱ አንዱም የራስ ዓሊ አልነበረም።

በድንኳን ውስጥ የተፈረመው ውል

እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ከወዳጁ ከጆን ቤል ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1843 ነው። ቤል በራስ ዓሊ ቤት አገልጋይ ሆኖ ሲቀር፣ ፕላውደን ወደ ለንደን ተመልሶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ፓልመርስተንን ስለ ኢትዮጵያ ንግድ አሳመነና በ1848 በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። እንግሊዝ ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከካፒቴን ሃሪስ ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር ውል ተፈራርመው ነበር። አውሮፓውያኑ ከየመስፍኑ ጋር እየተዋዋሉ አገሪቱን በየጓዳው መግባት መጀመራቸው ያኔ ነው።

ፕላውደን የተረቀቀውን ውል ይዞ ራስ ዓሊን ያገኛቸው በዘመቻ ላይ፣ በድንኳናቸው ውስጥ ነበር። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ውሉ በሚነበብበት ጊዜ የሠላሳ ዓመት ገደማው ራስ ልባቸው ከድንኳኑ ውስጥ በታሰረ ፈረስ ላይ ነበር። ንባቡ ሲያበቃም በነገሩ ምንም ክፋት እንደማያዩበት፣ እንዲያውም መልካም እንደሆነ፣ ሆኖም በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ወደ አገራቸው ይመጣል ብለው እንደማያስቡ ተናገሩ። ኖቬምበር 2 ቀን 1849 ውሉ ተፈረመ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትዕይንት ሲያወሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቁት በራስ ዓሊ ነው። ነገር ግን እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። ራሱ ስለ ዓለም ንግድ አልተማሩም ይሆናል፤ ስለ አገራቸው መንገድ ግን ከፓልመርስተን የተሻለ ያውቁ ነበር። ነጋዴ በወረቀት ላይ አይሄድም። መንገዱ በሦስት ጌቶች እጅ እስካለ ድረስ ውሉ ለማንም እንደማይጠቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ደምድመውታል። ትንቢታቸውም አልሳተም፤ የእንግሊዝ ንግድ በዚያ ውል ምክንያት ወደ ደጋው አልወጣም።

ያላዩት ሌላ ነገር ነበር። ውሉ ቆንስል እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ ሁለቱ ወገኖች ከባሕሩ ዳር እስከ ሐበሻ ያለውን መተላለፊያ ክፍት ለማድረግ እንዲጥሩ ይላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ወንጀል ሠራ ተብሎ በተከሰሰ እንግሊዛዊ ላይ የሚፈርደው የእንግሊዝ ቆንስል እንዲሆን ያደርጋል። ራስ ዓሊ «ክፋት የለውም» ያሉት ወረቀት ከቀረጥ አልፎ ዳኝነትን የሚነካ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ የንግድ ውል አደጋው ብዙ ጊዜ በቀረጡ አንቀጽ ላይ ሳይሆን ማንም በማያነበው በመጨረሻው ገጽ ላይ ይቀመጣል።

የቴዎድሮስ እንቢታ

በ1853 ካሳ ኃይሉ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ ጁን 29 ቀን ደግሞ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በፌብሩዋሪ 1855 ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፕላውደን የ1849ኙን ውል ለማጽናት ወደ አዲሱ ንጉሥ በቀረበ ጊዜ ያጋጠመው መልስ ከፊተኛው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ቴዎድሮስ ወዳጅነትን አልጠሉም፤ መልእክተኛ ወደ እንግሊዝ መላክንም አልነቀፉም፤ ነጋዴ መጥቶ ቢነግድ እንደሚጠብቁት ገለጹ። ቆንስል በአገራቸው ላይ ተቀምጦ ዳኛ እንዲሆን ግን ከቶ አልፈቀዱም። ለንደንም ነገሩ እንደማያዋጣ አይታ የዳኝነቱን አንቀጽ ለመተው ፈቃደኛነት እስከ ማሳየት ደረሰች።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ወደብ የሌለው፣ ገና መንበሩ ላይ ያልተደላደለ ንጉሥ፣ በዘመኑ ከነበሩት ኃያላን ሁሉ ታላቅ የሆነችውን መንግሥት ከአንድ አንቀጽ ላይ ሊያስለቅቅ ችሏል። ያስቻለውም ሠራዊት አይደለም፤ አንቀጹን አንብቦ ትርጉሙን መረዳቱ ነው።

እንቢታው ግን ዋጋ ነበረው። ምጽዋ በቱርክ እጅ ስለ ሆነ ጠመንጃና መድፍ እንደ ልብ አይገባም። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያስቀልጡ ጀመር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ ሞርታር በ1867 ተሠርቶ ወደ መቅደላ የተጎተተው ከዚያ ነው። ዛሬ ጋፋትን ስናነሣ የምናወድሰው የጥበብን ፍቅር ነው፤ ይገባልም። ሆኖም ጋፋት የተዘጋ ወደብ ልጅ መሆኑን አንዘንጋ። ከውጭ ማስገባት ያልቻለ በቤቱ ለመሥራት ይገደዳል። በ1862 ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር የተከተለው እስራትና በኤፕሪል 1868 በመቅደላ የተፈጸመው ሁሉ የታወቀ ነውና እዚህ አልዘረዝረውም።

ጎርደን በደብረ ታቦር

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመጡበት ዘመን የተለየ ነበር። ምጽዋ ከቱርክ ወደ ግብፅ እጅ ተላልፋለች፤ ቦጎስም በ1872 በግብፅ ተይዟል። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ ግብፆች ድል ተመቱ። ይሁንና ድል አድራጊው ንጉሥ ድሉን ወደ ወደብ ሊለውጡት አልቻሉም። ጦርነቱ ቆመ፤ ሰላም ግን አልተፈረመም፤ የቀይ ባሕር ደጅም እንደ ተዘጋ ቀረ።

በ1879 ኸዲቭ እስማኤል ከሥልጣን ወርዶ ልጁ ተውፊቅ ሲተካ፣ የሱዳኑ ጠቅላይ ገዢ ቻርልስ ጎርደን ሰላም እንዲያደርግ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። በሴፕቴምበር ራስ አሉላን አግኝቶ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደብረ ታቦር ገብቶ ከንጉሡ ፊት ቀረበ። ዮሐንስ የጠየቁት ግልጽ ነበር፤ ቦጎስና መተማ ይመለሱ፣ የባሕር በር ይሰጠን፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ ይላክልን፣ ለደረሰብን ጉዳትም ካሳ ይከፈለን የሚል ነው። ጎርደን ከካይሮ የተሰጠው መመሪያ ግን መሬት እንዲለቅ የሚፈቅድ አልነበረም። ሊሰጥ የማይችል ሰው ሊቀበል ከማይችል ሰው ፊት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ድርድሩ ፈረሰ። ንጉሡ ለኸዲቩ የሰጡት ደብዳቤ በምሥጢር ሰላም እንደማያደርጉ፣ ሰላም ከፈለገ የአውሮፓን ነገሥታት ይጠይቅ የሚል መንፈስ ነበረው። ጎርደን በመተማ በኩል ሊወጣ ሲል ተይዞ አቅጣጫውን ቀይሮ በምጽዋ እንዲሄድ ተደረገ። በአውሮፓ መጻሕፍት ይህ ክንውን የንጉሡን ግትርነት ማሳያ ሆኖ ተጽፏል። በእኔ ግምት ግን በዘመኑ ከተደረጉት ድርድሮች ሁሉ ጥያቄው በትክክለኛው ቅደም ተከተል የቀረበው እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ነው። መጀመሪያ ደጁ፣ ቀጥሎ ንግዱ። ዮሐንስ በሌላው ወደብ ላይ የመተላለፍ ፈቃድ ሳይሆን ወደቡን ራሱን ጠየቁ።

ዓድዋ፣ ጁን 3 ቀን 1884

ከአምስት ዓመት በኋላ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። በሱዳን የማህዲ እንቅስቃሴ የግብፅን ጦር በየምሽጉ ከበበው። እንግሊዝ ግብፅን በ1882 ይዛ ስለ ነበር የተከበቡትን የማስወጣት ጭንቀት የእርሷ ሆነ። አድሚራል ዊልያም ሂዌት ወደ ዓድዋ ተላከና ጁን 3 ቀን 1884 ውል ተፈረመ። የመጀመሪያው አንቀጽ የንግድ ነው፤ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ሁሉ፣ የጦር መሣሪያና ጥይት ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነጻ እንዲተላለፍ ይላል። ቦጎስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን ጀምሮ እንዲመለስ፣ ንጉሡም የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ እንዲረዱ፣ ክርክር ቢነሣ ለእንግሊዝ ንግሥት እንዲቀርብ ተስማሙ።

ንጉሡ የገቡትን ቃል ፈጸሙ። የዚህም ዋጋ ከማህዲስቶች ጋር ደም መቃባት ሆነ፤ በሴፕቴምበር 1885 ኩፊት፣ በጃንዋሪ 1888 የጎንደር መቃጠል፣ በማርች 1889 የንጉሡ የራሳቸው ሞት በመተማ። እንግሊዝ በበኩሏ ምጽዋን ለነጻ መተላለፊያ ልትጠብቅ የተዋዋለችው በጁን ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረደ። ዮሐንስ ለንግሥቲቱ አቤት አሉ። በ1887 መጨረሻ የመጣው አስታራቂ ጄራልድ ፖርታል ይዞ የቀረበው ግን ለጣልያን የሚያደላ ሐሳብ ነበር። ዳኛዋ የተከሳሹ ወዳጅ ሆና ተገኘች።

ዮሐንስን ለመውቀስ አይደለም። ቦጎስን ያለ ጥይት ማስመለስ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ያን ጊዜ የነበራቸው ምርጫም ጠባብ ነበር። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ወደ ዓድዋ ሲሻገር ጥያቄው ከወደብ ባለቤትነት ወደ መተላለፊያ ፈቃድ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል። ፈቃድ የሰጪው ነው፤ ሰጪው ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል።

ቴዎድሮስ የፈሩት የዳኝነት አንቀጽም ተመልሶ መጣ። በጃንዋሪ 1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ኢትዮጵያ በዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በአብዛኛው ከ10 በመቶ እንዳያልፍ አሰረ፤ የውጭ ዜጎችንም በቆንስሎቻቸው ዳኝነት ሥር አደረገ። ሌሎችም መንግሥታት በዚያው ጥላ ሥር ገቡ። በ1855 አንዱ ንጉሥ በንባብ ብቻ የመለሱትን በ1908 አገሪቱ ከዓድዋ ድል በኋላ ተቀበለች። ይህም የጦር ሜዳ ድል የጠረጴዛ ድል ማለት እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ከአንዲስ ተራራ የሚመጣ ምስክር

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ዮሐንስ ከጎርደን ጋር በተከራከሩበት በ1879 ዓመት፣ በደቡብ አሜሪካ ቺሊ ከቦሊቪያና ከፔሩ ጋር ጦርነት ጀመረች። የሂዌት ውል በተፈረመበት በ1884 ቦሊቪያ የባሕር ዳርቻዋን ተነጥቃ የተኩስ ማቆሚያ ፈረመች። በ1904ቱ ውል በቺሊ ወደቦች በነጻ የመተላለፍ መብት ብታገኝም፣ የባሕሩ ጥያቄ ከልቧ አልወጣም። ጉዳዩን እስከ ሄግ ወስዳው፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2018 ቺሊ ስለ ባሕር በር እንድትደራደር የሚያስገድዳት ግዴታ የለባትም ሲል ፈረደባት።

ይህችው ቦሊቪያ ግን ሌላም ነገር አደረገች። በ1969 ከተመሠረተው የአንዲስ አገሮች ማኅበር መሥራቾች አንዷ ሆና ሳለ፣ ከጎረቤቱ ጉባኤ ከመርኮሱር ጋር ቀድማ በ1996 የነጻ ንግድ ስምምነት ተፈራረመች። ሁለቱ ማኅበሮች በ1998 የማዕቀፍ ስምምነት አድርገው፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ቬኔዙዌላ ከመርኮሱር አገሮች ጋር ዋናውን ውል የፈረሙት በ2004 ነው። በ2024 ቦሊቪያ የመርኮሱር ሙሉ አባል ሆነች። ወደብ አላገኘችም፤ ነገር ግን በሁለት ጉባኤዎች ውስጥ ወንበር ስላላት፣ ዕቃዋ የሚያልፍበት ደጅ አንድ ብቻ አልሆነም። አንድ አገር ብቻውን ከባለ ወደቡ ጋር ሲደራደር ለማኝ ይመስላል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ሕግ ሥር ሲቀመጥ ግን ባለ ወደቡም ለሕጉ ይገዛል፤ ቢያንስ ሕጉን ሲጥስ ሌሎች ያዩታል።

ለዛሬ የሚተርፈው

ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አሰብና ምጽዋ ተዘግተውብን፣ አብዛኛው ወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መግለጫ ወጣ። በሌላ በኩል የአህጉሩ ነጻ ንግድና የዓለም የንግድ ድርጅት ጉዳይ አለ። እነዚህን እንደ ተለያዩ ጉዳዮች በየራሳቸው መዝገብ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የደብረ ታቦር ታሪክ የሚያስተምረው ግን አንድ መዝገብ መሆናቸውን ነው።

ስለዚህ ማናቸውም የንግድ ውል ሲቀርብልን ሦስት ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል። አንደኛው የዮሐንስ ጥያቄ ነው፤ መንገዱ በማን እጅ ነው? ሰጪው ቢለወጥስ ፈቃዱ ይጸናል? ሁለተኛው የቴዎድሮስ ነው፤ ስንጣላ የሚፈርደው ማን ነው? ሦስተኛው ደግሞ ብዙ የተሳቀባቸው የራስ ዓሊ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ የሚመጣው ነጋዴ ማን ነው? የምንሸጠውስ ምንድን ነው?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ለደጋው ሕዝብ ከሁሉም የቀረበ ነው። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ሲወረድ በሚደረስበት በወረታ ዛሬ ደረቅ ወደብ አለ፤ በዚያው ከተማ የሚጀምረው የወልድያ መንገድም በደብረ ታቦርና በገሳይ ያልፋል። ራስ ዓሊ ያልነበራቸው መንገድ ተሠርቷል። የገሳይ ገበሬ ድንችና ገብሱን ይዞ ከዚያ መንገድ ዳር ሲቆም፣ ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ወረቀት ለእርሱ ምን እንዳመጣ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የመንገዱ ደኅንነት ካልተጠበቀ፣ የመጋዘንና የዘር ችግር ካልተቃለለ፣ በየኬላው የሚጠየቀው ካልቀረ፣ ውሉ በድንኳን ውስጥ እንደ ተነበበው ወረቀት መሆኑ ነው፤ ክፋት የለውም፣ መልካምም ነው፣ ነጋዴ ግን አይመጣበትም።

ለተደራዳሪዎቻችን የራስ ዓሊን አስተዋይነት፣ የቴዎድሮስን ንባብ፣ የዮሐንስንም የደብረ ታቦር ጽናት ይስጥልን።

ቸር ይግጠመን።